የፊልም ትዕይንት አስመስሎ በመቅረጽ ስለመማር ጠይቁኝ

ባሕር ዳር ነው የምኖረው፣ ሠርግና አጫጭር ድራማ እቀርጻለሁ። ሥራውን የለመድኩት የወደድኩትን ትዕይንት በስልክ መልሼ እየቀረጽኩ ነው። ያላችሁን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ያለኝ ስልክ ብቻ ነው። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ ይበቃሃል። ሁለት ሰዎች ቤት ውስጥ የሚያወሩበትን፣ ከ1 ደቂቃ የማይበልጥ ትዕይንት ምረጥ። ድብድቡ ለጊዜው ይቅርብህ። ድምፁን ዘግተህ እየው፤ ሾቱ (ካሜራው ሳይቆረጥ የሚያሳየው አንድ ምስል) በተቀየረ ቁጥር ወረቀት ላይ ጭረት አድርግ። ከዚያ እያንዳንዱን ሾት እንደነገሩ ሣለው፣ ማን በቀኝ ማን በግራ እንዳለ ከታየ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ከደብረ ማርቆስ ነን። እህቴ ቡና ስትቀዳ ቀረጽን፣ ስንቆርጠው ግን ይዘላል።

መልስ፦ ከሩቅ ስትቀርጹ በቀኝ እጇ፣ ከቅርብ ሲሆን በግራዋ ቀድታ እንዳይሆን! እኔ ላይ ደርሷል። ጀበናውን ከማንሳቷ እስከማስቀመጧ ያለውን ሙሉውን ሁለት ጊዜ ቅረጹ፣ አንዴ ከሩቅ አንዴ ከቅርብ። ጀበናው ማዘንበል ሲጀምር የሩቁን ቁረጡና ቅርቡን ከዚያው እንቅስቃሴ ቀጥሉ። ዓይን እጇን ሲከተል ቁርጡን አያየውም። ሲኒው የት ድረስ እንደሞላም ፎቶ አንሱ።

ጥያቄ፦ ሁለቱ ሲያወሩ ወደ አንድ ጎን የሚያዩ ይመስላሉ።

መልስ፦ መስመር አልፈሻል እህቴ። በመካከላቸው ገመድ ተወጥሯል በይ፤ ካሜራሽ ከገመዱ ወዲያ አይሻገር።

ጥያቄ፦ ማታ በአምፖል ስቀርጽ ብርሃኑ ይርገበገባል።

መልስ፦ የአገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል፤ ካሜራው ከሱ ጋር ካልተስማማ ይርገበገባል። ፍሬሙን (በሰከንድ የሚነሳውን ምስል ብዛት) 25፣ ሹተሩን (እያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) 1/50 ሰከንድ አድርገው። ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለው ነጻ አፕ ያስተካክልልሃል።

ጥያቄ፦ ድምፅስ?

መልስ፦ ሁለተኛ ስልክ ከተናጋሪው አጠገብ ደብቁ። ረከቦቱ ላይ ግን አይሆንም፣ የሲኒው ቅጭልጭልታ ንግግሩን ይውጠዋል። መጀመሪያ አንዴ አጨብጭቡ፣ ኤዲት ስታደርጉ ሁለቱን ድምፅ በጭብጨባው ታገናኛላችሁ። ስትጨርሱ 30 ሰከንድ ዝምታ ቅረጹ (እኛ ሠፈር ዝምታ ማለት ባጃጅና ዶሮ ነው)፤ ቁርጦቹ መሃል ያለውን ክፍተት ይሞላል።

ጥያቄ፦ ሁሉን ገልብጬ የኔው ለምን ይንቀረፈፋል?

መልስ፦ የኔም የመጀመሪያው ከዋናው በ40 ሰከንድ በልጦ ነበር። ጎን ለጎን ሳያቸው ገባኝ። እኔ ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ ጠብቄ ነው የምቆርጠው። ዋናውን የሠሩት ገና ሳይጨርስ ወደ ሰሚው ፊት ይሄዳሉ፣ የተናጋሪው ድምፅ ከኋላ ይቀጥላል።