ውሻችሁ ስታምጥ ንጋትን አትጠብቁ፦ ለወጣት ውሻ አሳዳጊዎች

በቅርቡ እዚሁ አዳማ የሚኖር አንድ ወጣት ለመጀመሪያ ጊዜ ስላረገዘች ውሻው ሲያማክረኝ፣ «ዶክተር፣ ምጡ ሌሊት መጥቶ ቢከብዳት፣ እስኪነጋ ብንጠብቅ ምን ችግር አለው?» ሲል ጠየቀኝ። ጥያቄው የቅንነት ነበር፤ በእኩለ ሌሊት ሰው መቀስቀስ ነውር መስሎት እንጂ ለውሻው ሳያዝን ቀርቶ አይደለም። መልሱን በአጭሩ ነግሬ ሸኘሁት። ነገር ግን ያ ጥያቄ ብዙ ዘመን የኖረ ቁጭት ስለ ቀሰቀሰብኝ፣ ለእርሱም፣ እንደ እርሱ ውሻ ለምታሳድጉ ወጣቶችም በዝርዝር ልጽፍላችሁ ወደድሁ።

ነገሩ የሆነው አብዛኛው ሰው ከተማችንን ናዝሬት እያለ በሚጠራበት ጊዜ ነው። አንዲት ልጆቿን ብቻዋን የምታሳድግ እናት ቤት ውስጥ አካሏ ትንሽ የሆነ ቀይ ሴት ውሻ ነበረች፤ ያረገዘችውም ከጎረቤት ግቢ ከነበረ ትልቅ ውሻ ነው። ከቤቱ ልጆች መካከል የሰባተኛ ክፍል ተማሪ የነበረው ልጅ ከእርሷ አይለይም ነበር። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ውሻዋ ምግብ እንቢ ብላ አልጋ ሥር መሬቱን መቧጠጥ ስትጀምር፣ ካርቶን አንጥፎ፣ አሮጌ ነጠላ ደርቦ ማረፊያ አዘጋጀላት። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አጥብቃ ማማጥ ጀመረች። ስድስት ሰዓት ላይ ጥቁር አረንጓዴ ፈሳሽ ፈሰሳት፤ ቡችላ ግን አልወጣም። ልጁ ደንግጦ አጎቱን ቀሰቀሰ። አጎቱም፣ «እንስሳ አይደለችም እንዴ! ራሷ ታውቅበታለች፤ ይልቅ ነገ ትምህርት አለህ፣ ተኛ» አለው። ልጁ ግን አልተኛም።

ጎህ ሲቀድ በሰፈሩ የከብት መድኃኒት የሚሸጥ ሰው ተጠራና ማህፀን እንዲገፋ የሚያደርገውን ኦክሲቶሲን የተባለ መድኃኒት ወጋት፤ ለውጥ ሲያጣ ደገማት። ምጡ ለጥቂት ጊዜ በረታ፤ ከዚያ በኋላ በድንገት ጸጥ አለ። ጸጥታው እንደ ዕረፍት ተቆጠረላትና እኔ የተጠራሁት ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ነበር።

ስደርስ በጎኗ ተኝታ ነበር። ድዷን በጣቴ ጫን አድርጌ ስለቀው የነጣው ቦታ ቀለሙ ቶሎ አልተመለሰም፤ ካርቶኑ ላይ የፈሰሰው አረንጓዴ ፈሳሽ ዳር ዳሩ ደርቆ ነበር። ጓንት አጥልቄ በጣቴ ስዳስስ ያገኘሁት የቡችላውን ጅራትና ቂጥ ብቻ ነው፤ የኋላ እግሮቹ ወደ ፊት ታጥፈው ከሆዱ ሥር ስለ ተሸሸጉ መውጫውን እንደ ውታፍ ዘግቶት ነበር። መቼ እንደ ጀመራት ስጠይቅ ትልልቆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ልጁ ግን ደብተሩን አምጥቶ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠልኝ፦ መቧጠጥ የጀመረችበት፣ ያማጠችበት፣ ፈሳሹ የታየበት፣ መርፌው የተሰጠበት ሰዓት በእርሳስ በተርታ ተጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ በሥራዬ ዘመን እንዲህ ያለ ጥሩ የሕመም ታሪክ ከስንት የተማረ ሰው እጅ አላገኘሁም።

በዚያን ጊዜ በከተማው ለውሻ ቀዶ ሕክምና የሚሆን ማደንዘዣና መሣሪያ አልነበረንም። እ.ኤ.አ. በ1979 የተቋቋመው የእንስሳት ሕክምና ፋኩልቲ የሚገኘው በደብረ ዘይት ነበርና፣ ተስፋችን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እዚያ ነበር። የሚኒባስ ሾፌሮች ውሻ አንጭንም አሉን። በመጨረሻ ሽንኩርት ሊጭን የወጣ የፒክአፕ ባለቤት እሺ አለን፤ ልጁ በጋቢ ጠቅልሎ በጭኑ ላይ አስተኛት። ሞጆን ሳናልፍ ሞተች። ተመልሰን በክሊኒኩ ስከፍታት ማህፀኗ ተቀድዶ፣ ከቡችሎቹ አንዱ ከማህፀን ውጭ ሆድ ዕቃ ውስጥ ወድቆ አገኘሁት። ሌሎቹም በሕይወት አልነበሩም።

ልጁ ያን ዕለት የጠየቀኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ «አረንጓዴውን እንዳየሁ ብጠራዎት ኖሮ ይመጡ ነበር?» አለኝ። እመጣ እንደነበር ነገርሁት፤ ያየውም ትክክል እንደነበር ጨመርሁለት። ለአንድ ሕፃን ይህን መናገር ደግ ይሁን ጭካኔ ዛሬም አልለየልኝም። የሚቆጨኝ ግን በዚያ ቤት ውስጥ የተፈጠረውን በትክክል የተረዳ አንድ ሰው እያለ፣ ልጅ በመሆኑ ብቻ ሰሚ ማጣቱ ነው። ይህን የምጽፈው ለወጣቶች የሆነበትም ምክንያት ይኸው ነው፤ ሌሊት ከውሻዋ አጠገብ የምትነቁት እናንተ ናችሁና።

የአረንጓዴውን ፈሳሽ ትርጉም ማወቅ ይገባችኋል። ይህ ቀለም የሚመጣው የእንግዴ ልጁ ከማህፀን ግድግዳ ሲላቀቅ ነው። የመጀመሪያው ቡችላ ከወጣ በኋላ ቢታይ የተለመደ ነገር ስለሆነ አያስደንግጣችሁ። አንድም ቡችላ ሳይወለድ ከታየ ግን ቢያንስ አንዱ ቡችላ በእናቱ በኩል ያገኝ የነበረው አየር እየተቋረጠበት ነው ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የሚቆጠረው በደቂቃ ነው፤ ንጋት ሩቅ ነው። እንደዚሁም ውሻዋ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያለማቋረጥ አጥብቃ አምጣ ምንም ካልወጣ፣ ወይም ውስጧ ቡችላ እንደ ቀረ እየታወቀ ከሁለት ሰዓት በላይ ካለፈ፣ ወይም ከአቅም በላይ ደክማ ከተንቀጠቀጠች ሐኪም ቀስቅሱ። ከዚያ ቀደም ያለው መቁነጥነጥ፣ ማለክለክና መቧጠጥ ግን ከ6 እስከ 12 ሰዓት፣ አንዳንዴም እስከ አንድ ቀን ሊቆይ ስለሚችል ያለ ምክንያት አታስጨንቋት።

ከዚያም በፊት ቢሆን ቀኑን መገመት ይቻላል። እርግዝናው በአማካይ 63 ቀን ነው፤ ከወንድ ውሻ ጋር ከተገናኘችበት ቀን ጀምሮ 70 ቀን ካለፈ መታየት አለባት። የጤናማ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲሆን፣ መውለጃዋ ሲቃረብ ከ37.5 በታች ይወርዳል፤ በአብዛኛው ምጡ በ24 ሰዓት ውስጥ ይከተላል። ስለዚህ በመጨረሻው ሳምንት ጠዋትና ማታ በፊንጢጣዋ በኩል በቴርሞሜትር ለክታችሁ መዝግቡ።

እዚህ ላይ ስለ እናንተ ትውልድ የማስበውን ሳልናገር አላልፍም። ዘር ያለው ውሻ ለመግዛት ብዙ ብር ታወጣላችሁ፤ ለቀዶ ሕክምና የሚሆን ግን አንዳችም አታስቀምጡም። ምጡ ሲጀምርም ስልክ ከፍታችሁ ሌላው የሚያደርገውን እያያችሁ ሰዓቱን ታሳልፋላችሁ። ይህ ያሳዝነኛል። ሆኖም ባለፈው ዓመት አንዲት ወጣት ከውሻዋ የወጣውን ፈሳሽ ቀረጻና እያንዳንዱን ሰዓት መዝግባ በስልክ ስለ ላከችልኝ፣ ገና ከቤቴ ሳልወጣ ምን ይዤ መሄድ እንዳለብኝ ለማወቅ ችያለሁ። የዚያ ልጅ ደብተር ዛሬ በእያንዳንዳችሁ ኪስ ውስጥ አለና፣ ለዚህ ተግባር ስትጠቀሙበት ሳይ ደስ ይለኛል።

ኦክሲቶሲንን በተመለከተ የምለው ጽኑ ነው። መድኃኒቱ መጥፎ አይደለም፤ መንገዱ ክፍት ሆኖ ማህፀን ሲደክም፣ በሐኪም እጅ፣ በትንሽ መጠን ይጠቅማል። መንገዱ ተዘግቶ ሳለ ሲሰጥ ግን ማህፀኑ የማይወጣውን እንዲገፋ ያስገድደዋል። ቡችላው እንዴት እንደ ተኛ ያልዳሰሰ ሰው መርፌ ይዞ ቢመጣ፣ በዕድሜ ቢበልጣችሁም በትሕትና ከልክሉት።

በእጅ ስለ መርዳት ስጠየቅ አትንኳት እላለሁ፤ ከከብት አዋላጅነት የመጣው የመጎተት ልማድ ለውሻ አይሆንምና። ላም ስትወልድ እግሩን በገመድ አስረን ሰብሰብ ብለን የምንስብበትን ጊዜ አስታውሳለሁ፤ በዚያ ጉልበት የቡችላ እግር ይገነጠላል። ነገር ግን ግማሽ አካሉ ወጥቶ የቆመ ቡችላ እያያችሁ እጃችሁን አጣጥፋችሁ መቆምም አይገባም። እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፤ በንጹሕ ፎጣ ትከሻውን ወይም ዳሌውን ያዙና እርሷ ስታምጥ ብቻ በቀስታ ወደ ታች፣ ወደ ተረከዟ አቅጣጫ ሳቡት። አንድ እግር ወይም ጭንቅላት ብቻ ይዛችሁ አትጎትቱ። በኋላ እግሮቹ ቀድሞ የሚመጣ ቡችላ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል፤ ለውሻ የተለመደ ነው፤ አስጊው ጅራቱ ብቻ መጥቶ እግሮቹ ሲታጠፉ ነው። በሕመም ላይ ያለች ውሻ ጌታዋንም ልትነክስ ትችላለችና የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷ ከእርግዝናው በፊት የተሟላ ይሁን።

የተወለደውን ቡችላ እናቱ ካልላሰችው ሽፋኑን ከፊቱ ግፈፉ፤ አፉንና አፍንጫውን ጥረጉ፤ በደረቅ ፎጣም አጥብቃችሁ እሹት። እግሩን ይዞ ማወዛወዝ አንጎሉን ይጎዳልና ተዉት። ከቀዘቀዘ ሳታሞቁት ወተት አትስጡት፤ በመጀመሪያው ሳምንት ማረፊያው ወደ 30 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ የአዳማ ቀን ይሞቃል ብላችሁ የሌሊቱን ነፋስ አትርሱት።

ቀድማችሁ ሁለት ሰዎችን አነጋግሩ፦ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ ሐኪምንና ውሻ ለመጫን እሺ የሚል ባለ መኪናን። ሾፌሩን በቀን ሳላችሁ ጠይቁት፤ በመኪናው ወንበር ላይ የምታነጥፉትንም ላስቲክና ብርድ ልብስ አዘጋጁ። ከወለደች በኋላም ስልካቸውን አትሰርዙት፤ በተለይ ትንሽ አካል ያላት ውሻ ብዙ ቡችላ ስታጠባ፣ ከወለደች ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ካልሲየሟ ወርዶ ልትንቀጠቀጥ፣ እግሯ ሊደርቅና ልትወድቅ ትችላለች። ይህን ለመከላከል ብላችሁ በእርግዝናዋ ወቅት የካልሲየም እንክብል አትስጧት፤ ሰውነቷ ከአጥንቷ ማውጣቱን ስለሚያዘገይ አደጋውን ይጨምረዋል። መንቀጥቀጡን ካያችሁ ቡችሎቹን ከጡቷ ለይታችሁ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ውሰዷት፤ በደም ሥር ቀስ ተብሎ በሚሰጥ ካልሲየም ብዙ ጊዜ ወዲያው ትድናለች።