መልስ፦ ልጄ ስለ ምርጫው ስትጠይቀኝ ምን ልበላት?

እህቴ፣ ትራምፕ ባሸነፈበት በእ.ኤ.አ. 2024ቱ የአሜሪካ ምርጫ ማግስት ልጅሽ «ከአሜሪካ ያስወጡናል እንዴ?» ስትልሽ መልስ እንዳጣሽ ጽፈሻል። አይዞሽ። እኔም በእ.ኤ.አ. 2016 ትራምፕ መጀመሪያ ያሸነፈ ጊዜ እዚሁ ቨርጂኒያ ያው ነው የገጠመኝ። ሌሊቱን ቴሌቪዥን ላይ አፍጥጬ አደርኩ፤ ተፎካካሪው ሂላሪ ክሊንተን በሕዝብ ድምፅ ወደ 2.9 ሚሊዮን በልጣ እያለ፣ አሸናፊውን የሚለየው የየግዛቱ ወኪል መራጮች ድምፅ ስለሆነ መሸነፏ ደግሞ ይብስ አንገበገበኝ። ጠዋት ፍርፍር እየሠራሁ እንባዬ መጣ። ልጄ ያኔ 8 ዓመቷ ነበር፣ «እማዬ፣ ሽንኩርቱ ነው?» አለችኝ። አዎ ብዬ ዋሸኋት።

እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ እሱ ነው። ማታ ብርድ ልብሷን ላስተካክል ስገልጥ ስኒከሯን አቅፋ ተኝታለች፣ ለካ ትምህርት ቤት የሆነ ልጅ «ወደ አገራችሁ ትባረራላችሁ» ብሏት ኖሮ ድንገት ከመጡ ብላ ተዘጋጅታ ነው። አንጀቴ ተላወሰ።

ስለዚህ አትደብቂያት። ማዘንሽን ንገሪያት። እዚህ ከተወለደች በ14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ዜጋ ናት፤ ፓስፖርቷን አውጥተሽ በእጇ አስይዣት። የእኔዋ የሕፃንነት ፎቶዋን አይታ ሳቀች፣ ጫማዋንም ራሷ ወስዳ በሩ ጋ አስቀመጠችው።