የድንች ስም ከየት መጣ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ «ድንች» የሚለው ቃል ከእንግሊዝኛውም ከጣሊያንኛውም ጋር አይመሳሰልም። ከየት ያገኘነው ነው?

መልስ፦ ከባሕር ማዶ አልመጣም። ዛሬ ድንች የምንለው ተክል መነሻው የደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራሮች ሲሆኑ፣ ወደ አገራችን ያስገባው እ.ኤ.አ. በ1858 ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር እንደሆነ በሰፊው ይጠቀሳል። ስሙ ግን ተክሉን ቀድሞ እዚሁ ነበር። በደቡብና በምዕራብ ኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የሚለማ፣ ኦሮሞው «ዲኒቻ» የሚለው ሌላ ሥራ ሥር አለ፤ እንግዳውም እንደ እርሱ ከመሬት ተቆፍሮ፣ ተቀቅሎ የሚበላ ስለሆነ በባለቤቱ ስም ተጠራ።

ጥያቄ፦ ነባሩስ ምን ተባለ?

መልስ፦ የሚያሳዝነው እርሱ ነው፤ በገዛ ስሙ ላይ ቅጽል ተጨመረበትና «የወላይታ ድንች»፣ «የኦሮሞ ድንች»፣ «የአገው ድንች» ተባለ። ሁለቱ በዝርያ አይዛመዱም። ነባሩ የበሶብላና የጦስኝ ወገን በመሆኑ ግንዱን በጣትዎ ይዘው ቢያሽከረክሩት አራት ማዕዘን እንዳለው ይሰማዎታል፤ እንግዳው ደግሞ የቲማቲምና የበርበሬ ዘመድ ነው።

ጥያቄ፦ የትግርኛው «ድንሽ»ስ?

መልስ፦ ያው ቃል ነው።

ጥያቄ፦ ስኳር ድንች የድንች ዓይነት ነው?

መልስ፦ አይደለም፤ ሐረግ ነው፣ ወገኑም ሌላ ነው። ይሁንና በስም ረገድ ታሪኩ አስገራሚ ነው። የካሪቢያን ነባር ሕዝቦች «ባታታ» ይሉት የነበረው ስኳር ድንችን ሲሆን፣ የአንዲስ ሰዎች ደግሞ ድንችን «ፓፓ» ይሉታል። ስፔኖች ሁለቱን አደባልቀው «ፓታታ» አሉ፤ የእንግሊዞቹ «ፖቴቶ»ም መጀመሪያ የስኳር ድንች ስም ነበር። ስለዚህ ስም በማዛወር እኛ ብቻ አይደለንም። ፈረንሳዮችና ዕብራይስጥ ተናጋሪዎች ከዚህ ጣጣ የዳኑት «የምድር ፖም» የሚል አዲስ ስም አውጥተው ነው፤ በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ታፑኣሕ አዳማ» ሲሉ የሚጠሩት ይህንኑ ነው።

ጥያቄ፦ በአማርኛ እንዲህ ስሙን የተነጠቀ ሌላ አለ?

መልስ፦ በየወጣችን ውስጥ አለ። «በርበሬ» ከግሪኩ «ፔፔሪ» ጋር የሚዛመድ ቃል ሲሆን፣ «ፔፔሪ» የሚባለው ጥቁሩ ቅመም ነበር። ቀዩ ከአሜሪካ መጥቶ ስሙን ሲወርስ፣ ጥቁሩ «ቁንዶ» የሚል ቅጽል ካልታከለበት የማይታወቅ ሆነ። ቃሪያና ሚጥሚጣም ከመጤው ወገን ናቸው፤ ቁንዶ በርበሬ ግን የሕንድ ሐረግ ነው።