ድሪምላይነርን በምላጭና በካርቶን

ሰላም ወንድሜ። «የኢትዮጵያ አየር መንገድን ድሪምላይነር ዝርዝሩን ሳልቀንስ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ቤት ያለኝ መቀስ፣ ምላጭና ማስመሪያ ብቻ ነው፤ ይሆናል?» ብለሃል። በደንብ ይሆናል። እኔም የምሠራው በነዚሁ ነው። ሞዴልን የሚያሳምረው ልኩ ነው። ስለዚህ ካርቶን ከመንካትህ በፊት ቁጭ ብለህ አስላ።

መጀመሪያ የትኛውን እንደምትሠራ ወስን። ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 ነው፤ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ለአየር መንገዱ የገባው የመጀመሪያው 787-8 የሚባለው ዓይነት ነው። 787-9 ስድስት ሜትር ያህል ይረዝማል፤ የአንዱን ሥዕል ከሌላው ልክ ጋር እንዳትቀላቅል። መጠኑን 1 ለ 144 አድርገው። የ787-8 ርዝመት 56.7 ሜትር ስለሆነ 39.4 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ ያለው 60.1 ሜትር ደግሞ 41.7 ይሆናል። የገላው ስፋት 4 ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚህ ካሳነስከው መስኮቶቹ ያስለቅሱሃል።

ለገላው ከካርቶን ክብ ክብ ቆርጠህ በየ3 ሳንቲ ሜትሩ ደርድርና ወፈር ያለ ወረቀት ጠቅልልበት። ወረቀት የሚታዘዝበት አቅጣጫ አለው። በሁለቱም በኩል ጠቅለል አድርገህ ሞክረው፤ በአንዱ እሺ ይላል፣ በሌላው ይሰባበራል። እሺ ባለህ በኩል ያዘውና በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ ጫን እያልክ ጎትተው። ራሱ ይጠቀለልልሃል።

ፈተናው አፍንጫው ነው። እዚያ ወረቀት አይሠራም። እያነሱ የሚሄዱ ክቦችን በቪናቪል ደራርበህ ለጥፍ፣ በደንብ ይድረቅ፣ ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ሞርደው። ክፍተቱን በስቱኮ ሙላና ድገመው። ለጠባብ ቦታ የጥፍር ሞረድን የሚያህል የለም።

ምላጩ አዲስ ይሁን፣ ጣትህንም ጠብቅ። ካርቶኑን በአንድ ጊዜ ልቁረጥ ብለህ አትታገል። የብረት ማስመሪያ አስደግፈህ ቀስ እያልክ ተመላለስበት። ጠርዙ ንጹሕ የሚሆነው እንደዚያ ነው።

ክንፉ ወደ ኋላ 32 ዲግሪ ያህል ስለሚሄድ ቀጥ ያለ እንጨት አይሆንህም። የልብስ መስቀያ ሽቦ በ116 ዲግሪ እጠፍ፣ በገላው ውስጥ አሳልፈው፣ ሁለቱንም ክንፎች በሱ ላይ ሥራ። ሁለቱም ክንፎች ከገላው ወደ ጫፋቸው ሲሄዱ ቀስ እያሉ ትንሽ ከፍ ይበሉ። እንደዚህ ከሠራኸው ክንፉ ከዓመታት በኋላም አይወድቅም።

ሰው አይቶ «ይሄማ ድሪምላይነር ነው» የሚልህ በሦስት ነገር ነው። የአብራሪዎቹ የፊት መስኮት አራት ብቻ ነው። የክንፉ ጫፍ ወደ ላይ አይታጠፍም፣ እየሾለ ወደ ኋላ ይሄዳል። የሞተሩ ሽፋን የኋላ ጠርዝ ደግሞ እንደ መጋዝ ጥርስ ነው። እሱን በትንሽ መቀስ ታወጣዋለህ። የመንገደኞቹን መስኮቶች አትብሳ፤ 3 ሚሊ ሜትር ቁመት ብቻ ስላላቸው በቀጭን ወረቀት ላይ በጥቁር እስክሪብቶ ሥለህ ለጥፍ።

ቀለሙን ስስ አድርገህ ደጋግመህ ቀባ። የጅራቱን አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ ቀለም ስትቀባ መለያ መስመሩ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፍ፣ ጠርዙን በጥፍርህ ተጫን፣ መጀመሪያ የሥሩን ነጭ ቀለም በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ አሳልፍ። ሲደርቅ ዋናውን ቀለም ቀባ፤ በፕላስተሩ ሥር አይሰርግም።

ቀለም ከመጀመርህ በፊት ግን አፍንጫውን ከጎን ፎቶ አንሥተህ እዚህ ለጥፈው፤ አብረን እናየዋለን።