ፎርሙ ላይ ከመፈረማችሁ በፊት፦ በወርኪንግ ሆሊዴይ ቪዛ ወደ አውስትራሊያ ለምትመጡ ልጆች

እዚህ አውስትራሊያ ውስጥ ከሃያ ዓመት በላይ ደመወዝ ክፍል ሠርቻለሁ። የሰው ደመወዝ ስሠራ ስለኖርኩ አንዲት ሳጥን በስህተት ምልክት ስትደረግባት ምን እንደምታስከትል አውቃለሁ። አሁን አሁን ከስዊድን፣ ከጣሊያን፣ ከካናዳ፣ ከእስራኤል የሚመጡ የእኛ ልጆች “ጋሼ፣ እስቲ ይህን ፎርም እዩልኝ” ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ግን አብዛኞቹ የሚያሳዩኝ ከፈረሙ በኋላ ነው።

በቅድሚያ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ እየሠሩ አገር ለማየት የሚሰጥ ጊዜያዊ ቪዛ፣ 417 የሚባለው ዓይነትም ሆነ 462፣ ከአውስትራሊያ ጋር ስምምነት ያላቸውን አገሮች ፓስፖርት ለያዙ ከ18 እስከ 30 ዓመት ላሉ ወጣቶች ነው፤ ለአንዳንድ አገሮች እስከ 35 ይደርሳል። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ዝርዝሩ ውስጥ የለም። አገር ቤት ያለ ዘመዳችሁ “በወርኪንግ ሆሊዴይ እንልክሃለን፣ ይህን ያህል ክፈል ብለውኛል” ካላችሁ ዛሬውኑ ገንዘቡን እንዳይሰጥ ንገሩት።

አሁን ወደ ወረቀቱ። ከስማችሁ እንጀምር፣ ምክንያቱም የእኛ ሰው ጣጣ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። የራስ፣ የአባት፣ የአያት ነው። አንዱ ፓስፖርት ላይ የአባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይገባል፣ ሌላው ላይ የአያት። ከዚያ ባንክ በሁለት ስም ትከፍታላችሁ፣ ታክስ ቢሮ በሦስት ትመዘገባላችሁ፣ ቀጣሪው ደግሞ ጓደኞቻችሁ በሚጠሯችሁ አጭር ስም ይጽፋችኋል። ወልደገብርኤል አንድ ቃል ነው ወይስ ሁለት? ለእናንተ ለውጥ የለውም፤ ለኮምፒውተሩ ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ኋላ ገንዘባችሁን ስትጠይቁ ስሙ አልገጠመም ተብሎ ይጓተታል። ስለዚህ ፓስፖርቱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል፣ በየቦታው አንድ ዓይነት አድርጋችሁ ጻፉ።

ቀጥሎ ታክስ ፋይል ነምበር ነው፤ ቲኤፍኤን ይሉታል። እዚህ ከገባችሁ በኋላ በታክስ ቢሮው ድረ ገጽ ታመለክታላችሁ። ነፃ ነው፤ “እናወጣላችኋለን” ብሎ ለሚያስከፍል አትክፈሉ። በፖስታ ስለሚመጣና እስከ 28 ቀን ሊወስድ ስለሚችል፣ ሦስት ሌሊት ብቻ የምታድሩበትን ሆስቴል አድራሻ አትስጡ።

ቀጣሪው የሚሰጣችሁ ቲኤፍኤን ዲክላሬሽን የሚባለው ፎርም ሌላ ነው። ብዙ ልጆች ያምታቱታል። ያኛው ቁጥሩን መጠየቂያ ነበር፣ ይህኛው ከደመወዛችሁ ስንት እንደሚቆረጥ መወሰኛ ነው። ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራ መጀመር ትችላላችሁ፤ ግን በ28 ቀን ውስጥ ካላስገባችሁ 45 በመቶ ይቆረጥባችኋል። ፎርሙ ነዋሪ ናችሁ፣ የውጭ ነዋሪ ናችሁ ወይስ ወርኪንግ ሆሊዴይ ሜከር (በዚህ ቪዛ የሚሠራ ሰው) ብሎ ይጠይቃል። የእናንተ ሦስተኛው ነው። የቤት ጓደኛችሁ “ነዋሪ ነኝ በል፣ የመጀመሪያው 18,200 ዶላር ታክስ የለበትም” ሊላችሁ ይችላል። አትስሙት። በእናንተ ቪዛ ከመጀመሪያዋ ዶላር እስከ 45,000 ድረስ 15 በመቶ ነው የሚከፈለው፤ ሳጥኗን ካሳሳታችሁ ልዩነቱ በዓመቱ መጨረሻ ዕዳ ሆኖ ይመጣል። በነገራችን ላይ ቀጣሪው ራሱ የወርኪንግ ሆሊዴይ ሠራተኛ ቀጣሪ ሆኖ ታክስ ቢሮ መመዝገብ አለበት፤ ካልተመዘገበ 30 በመቶ ይቆርጣል። ስለዚህ “ተመዝግባችኋል ወይ?” ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም። የእንግሊዝ፣ የጀርመን ወይም የእስራኤል ፓስፖርት ይዛችሁ ለታክስ እንደ ነዋሪ የምትቆጠሩ ከሆነ ደግሞ ከፍተኛው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2021 የወሰነው ነገር ስላለ፣ የዓመቱን ታክስ ስታስገቡ ባለሙያ አማክሩ።

አሁን ከሁሉ በላይ ልቤን ወደሚያመኝ ነገር ልምጣ። “ኤቢኤን አውጣና ነገ ጀምር” የሚል ቀጣሪ ያጋጥማችኋል። ኤቢኤን የንግድ ቁጥር ነው፤ 11 አሃዝ ያለው፣ በግሉ ለሚነግድ ሰው የሚሰጥ። እኔ እዚህ እንደመጣሁ የመጀመሪያ ሥራዬ የቢሮ ጽዳት ነበር። ኤቢኤን አውጣ አሉኝ፣ አወጣሁ። የመጣልኝን ሁሉ ፈረምኩ፤ ሥራ ማግኘቴ ብቻ ነበር የታየኝ። ከስምንት ወር በኋላ ከባድ ማሽን በደረጃ ሳወርድ ወገቤ ተቀጨ፣ ሁለት ሳምንት ተኛሁ፣ ስልክ ስደውልላቸው “አንተ እኮ ሠራተኛችን አይደለህም፣ የራስህ ቢዝነስ ነው ያለህ” አሉኝ። ካሳ የለም፣ የጡረታ ገንዘብ የለም፣ ታክሱም ቢሆን በእኔ ላይ ነበር። ደመወዝ ክፍል ልሥራ ብዬ የተማርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ልጆች፣ የምትገቡበትንና የምትወጡበትን ሰዓት የሚወስነው ቀጣሪው ከሆነ፣ ዩኒፎርሙም መጥረጊያውም የእሱ ከሆነ፣ እናንተ ሠራተኛ ናችሁ። የፈረማችሁት ወረቀት ሌላ ስም ስለሰጣችሁ ይህ አይለወጥም። “ኤቢኤን አውጡ፣ ካለዚያ ሥራ የለም” ካላችሁ ሌላ ሥራ ፈልጉ።

ፔይስሊፕ፣ የደመወዝ ወረቀቱ ማለት ነው፣ ደመወዝ በተከፈላችሁ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ሊሰጣችሁ ይገባል። ይህ ሕግ ነው፣ ልመና አይደለም። የቀጣሪው ስምና ኤቢኤን፣ የሠራችሁበት ጊዜ፣ የሰዓት ክፍያውና ሱፐሩ (የጡረታ ገንዘቡ) እንዳለበት እዩ። ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 24.95 ዶላር ነው፤ ካዡዋል፣ ማለትም ቋሚ ያልሆነ ሠራተኛ፣ ሆናችሁ ከገባችሁ 25 በመቶ ይጨመርበታል። በየዓመቱ ጁላይ ስለሚለወጥ የዚያን ዓመቱን የሠራተኛ መብት ከሚከታተለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ ከፌር ዎርክ፣ ድረ ገጽ ላይ እዩ። ፍራፍሬ ለቀማ በቅርጫት ልክ ቢከፈላችሁም ከኤፕሪል 2022 ወዲህ በሰዓት ሲሰላ ከዝቅተኛው መውረድ የለበትም።

አንዲት ልጅ ክዊንስላንድ እርሻ ላይ ለሁለተኛ ዓመት ቪዛ የሚያስፈልገውን 88 ቀን ጨርሳ መጣች። ሁሉንም በካሽ ነበር የተቀበለችው። ለኢሚግሬሽን የምታሳየው ምን አላት? ማንጎ ይዛ የተነሳችው ፎቶ። በፀሐይ የተቃጠለ እጇን እያየሁ የምላት ጠፋኝ። እንግሊዞች ከጁላይ 2024 ጀምሮ ይህ የ88 ቀን ግዴታ የለባቸውም፤ የሌላ አገር ፓስፖርት የያዛችሁ ግን ፔይስሊፑ ማስረጃችሁ ነው። በደረሳችሁ ቁጥር ፎቶ አንሱት፣ ወደ ራሳችሁ ኢሜይል ላኩት። የሠራችሁትን ሰዓት ደግሞ በየማታው በራሳችሁ ደብተር ጻፉ፤ ክርክር ሲመጣ ያለው የቀጣሪው መዝገብ ብቻ መሆን የለበትም።

ቀጣሪው ፓስፖርታችሁን ኮፒ ያድርግ፣ ቪዛችሁንም ያጣራ፤ ዋናውን ግን ይዞ ማስቀመጥ አይችልም። በቪዛችሁ ማስፈራራትም ከጁላይ 2024 ጀምሮ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። “ለኢሚግሬሽን እነግርብሃለሁ” ካላችሁ መልእክቱን አትሰርዙት። ደግሞ አንድ ቀጣሪ ጋ በመደበኛው ከስድስት ወር በላይ መቆየት ስለማይፈቀድ፣ የጀመራችሁበትን ቀን ጻፉት።

የመጨረሻው ሱፐር ነው። ቀጣሪው ከደመወዛችሁ በላይ 12 በመቶ ለጡረታ ያስገባላችኋል። ከአገር ወጥታችሁ ቪዛችሁ ሲያበቃ መልሳችሁ ትጠይቃላችሁ፣ መንግሥት ግን 65 በመቶውን ይወስደዋል። ይህ ያንገበግበኛል፣ ለወጣት ሠራተኛ ፍትሐዊ አይመስለኝም። ቢሆንም የቀረው የላባችሁ ዋጋ ነውና አትተዉት። ወጥታችሁ ስድስት ወር ካለፈ ገንዘቡ ወደ ታክስ ቢሮ ይዛወራል፤ ያኔም መጠየቅ ይቻላል። አዲስ ሥራ በጀመራችሁ ቁጥር ሌላ አካውንት እንዳይከፈትባችሁ የመጀመሪያውን የሱፐር ድርጅት ስምና የአባል ቁጥር ለአዲሱ ቀጣሪ ስጡ። ከመብረራችሁ በፊት ደግሞ ሱፐር ድርጅቱ ጋ የተመዘገበውን ኢሜይላችሁን ወደማትቀይሩት ኢሜይል አዛውሩ፤ የአውስትራሊያ ስልካችሁ አንዴ ከተዘጋ የማረጋገጫ ኮዱ የሚደርሳችሁ በዚያ ነው።