ቀዩ የሙቀት መብራት ከበራ በኋላ፦ ለጎንደር መንገዱ ጥያቄ መልስ

እህቴ፣ ሌላውም አንባቢ እንዲከተለን ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው። አውቶማቲክ ያሪስ ይዘሽ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄጂ፣ ወረታን አልፈሽ ፎገራ ሜዳ ላይ ቀይ የሙቀት መብራት በራብሽ። አካባቢው ላይ ጋራዥ ስላላየሽ እስከ አዲስ ዘመን ነዳሽው፤ እዚያ ቆመሽ ውሃ ሞላሽና ጎንደር ገባሽ። አሁን መኪናው ደህና ይመስላል። «ልክ ነበርኩ ወይ? ደግሞስ ጎማ ቢፈነዳ ወይም ፍሬን እምቢ ቢለኝ ምን ላድርግ?» ነው ያልሽው።

ልክ አልነበርሽም። አብዛኛው ሾፌር ግን ያንኑ ያደርጋል፣ ስለዚህ በዝርዝር ልጻፈው።

እንደ ያሪስ ያሉ ብዙ ትንንሽ መኪኖች የሙቀት መርፌ የላቸውም። ያላቸው ሰማያዊና ቀይ መብራት ነው። ሰማያዊው ሞተሩ ገና እንዳልሞቀ ያሳያል፤ እሱ ከጠፋ በኋላ ቀዩ እስኪበራ ድረስ ስለ ሙቀቱ የሚነግርሽ ነገር የለም። በመርፌ ቢሆን ከፍ ማለት ሲጀምር ታይዋለሽ፤ በመብራት ግን የምታውቂው ሞተሩ ከጋለ በኋላ ነው። ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) አሉሚኒየም ስለሆነ ከልክ በላይ ሲግል ይጣመማል፣ ከሥሩ ያለው ጓርኒሲዮን (ማሸጊያው) ይቃጠላል፣ ከዚያ ውሃና ዘይት ይደባለቃሉ። ይህን ጉዳት የሚያመጣው መብራቱ ከበራ በኋላ የሚነዳው መንገድ ነው፤ ቶሎ የቆመ መኪና ብዙ ጊዜ በአንድ ቱቦ ወይም በአንድ ክዳን ወጪ ይድናል።

አንድ አደገኛ ነገር ልጨምር። የሙቀት ሴንሰሩ በትክክል የሚለካው ውሃ ውስጥ ሲሆን ነው። ቱቦ ተቀዶ ውሃው ሁሉ ከፈሰሰ ሴንሰሩ አየር ውስጥ ይቀራል፣ ቀዩ መብራትም ሊጠፋ ይችላል። «ጠፋ፣ ተሻለው» ብሎ መቀጠል ሞተር ያስነክሳል (ግሎ ተጣብቆ እንዲቆም ያደርጋል)። ማረጋገጫው ማሞቂያው ነው፦ ሞተሩ ግሎ ሳለ ማሞቂያውን ከፍተሽ ቀዝቃዛ አየር ከነፈሰብሽ ውስጡ ውሃ የለም። ያኔ መቶ ሜትርም አትጨምሪ።

መብራቱ ሲበራ መጀመሪያ ኤሲውን አጥፊ። ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ሙቅ አድርጊና ነፋሱን ጨምሪ፤ ራሱ ትንሽ ራዲያተር ስለሆነ ከሞተሩ ሙቀት ይቀንስልሻል። መስኮቶቹን ክፈቺ። አራቱን ፍሬቻ አብሪና ከአስፋልቱ የምትወጪበት ጠንካራ ቦታ ፈልጊ። ፎገራ ላይ ከመንገዱ ጎን የሩዝ ማሳ ነው፤ በክረምት ጠርዙ ለስላሳ ስለሚሆን ሁለት ጎማ ወደ ጭቃው ካወረድሽ ሌላ ችግር ይጨመርብሻል። ወደ መንደር የሚገባ ጥርጊያ ካየሽ እዚያ ታጠፊ። ከዚያ ሞተሩን አጥፊ።

እንፋሎት እየወጣ ከሆነ እስኪያቆም ኮፈኑን አትክፈቺ። ከከፈትሽ በኋላም የነጠላሽን ጫፍና እጅሽን ከቬንትሌተሩ (ራዲያተሩን ከሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ) አርቂ፤ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ሞተሩ ጠፍቶም በራሱ ሊነሳ ይችላል። የራዲያተሩን ክዳን ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ አትንኪው፤ አርባ አምስት ብትጠብቂ ይሻላል። የላይኛውን ወፍራም ቱቦ ጨምቂው፤ ከጠጠረ ውስጡ ገና ግፊት አለ ማለት ነው።

ይህን ያህል የምለው እኛ ያለንበት ከፍታ ነገሩን ስለሚያብሰው ነው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ናት፤ እዚህ ክፍት ድስት ላይ ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ሞተር በጤናው ቀን ከ85 እስከ 100 ዲግሪ ይሠራል። ራዲያተሩ ውስጥ ያለው ውሃ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝ ነው። ክዳኑ ላይ 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር ታያለሽ፤ የሚይዘው ግፊት ነው። 1.1 የሚይዝ ጤነኛ ክዳን በእኛ ከፍታ ንጹሕ ውሃን እንኳ ከ115 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ ያቆየዋል። ክዳኑን በትኩሱ ስትከፍቺ ግፊቱ ስለሚለቀቅ ያ ሁሉ ውሃ ባንዴ ይፈላና ፊትና እጅ ላይ ይገነፍላል። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊት የማይይዝ ከሆነ ደግሞ ውሃው እየነዳሽ ሳለ ፈልቶ ወደ ትርፍ ማጠራቀሚያው ይገፋል፣ ከዚያ ይፈሳል። ስለዚህ ራዲያተርና የውሃ ፖምፓ ከማስቀየርሽ በፊት ክዳኑን አስመርምሪ፤ ከሁሉም ርካሹ ዕቃ እሱ ነው፣ ብዙ ሰው ግን መጨረሻ ላይ ነው የሚያስበው።

ከቀዘቀዘ በኋላ ውሃውን ቀስ እያልሽ ሙዪ፤ በጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ብረቱን ይሰነጥቃል። የታሸገ ውሃ ካለሽ እሱን ተጠቀሚ። ከቦይና ከማሳ የሚቀዳው ጭቃ ስላለው የራዲያተሩን ቀጫጭን መተላለፊያ ይደፍናል፤ ሌላ ከሌለ በጨርቅ አጥልለሽ ለመድረሻ ብቻ አድርጊው፣ ከዚያ ሁሉም ይታጠብና ትክክለኛው ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) ይሞላ። ሞተሩን አስነስተሽ ኤሲውን ለአፍታ ክፈቺ፤ ቬንትሌተሩ መሽከርከር አለበት። ካልተሽከረከረ ፊውዙን ወይም የቬንትሌተሩን ሞተር ኤሌክትሪሺያን ይየው። ከራዲያተሩ ፊት ያለውንም ተመልከቺ፤ ገለባና ምሽት ላይ ከሐይቁ ዳር የሚወጣ ነፍሳት ተለጥፎ ንፋስ ሊከለክለው ይችላል።

«ቴርሞስታቱን (እንደ ሙቀቱ ውሃውን ወደ ራዲያተሩ የሚከፍትና የሚዘጋውን) አውጥተን እንጣለው» የሚል መካኒክ ካጋጠመሽ አትስማሚ። በድሮ መኪና ያልፍ ነበር፤ በዛሬው መኪና ግን ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው ብሎ ኮምፒውተሩ ነዳጅ ሲጨምር ይኖራል። የተበላሸ ቴርሞስታት ይቀየራል።

አሁን ላለሽበት ደግሞ፦ መኪናው ደህና መምሰሉ አያረካኝም። ጠዋት ሞተሩ በቀዘቀዘበት የዘይቱን ክዳን ክፈቺና ከሥሩ ቡና በወተት የሚመስል ነገር እንዳለ እዪ። የትርፍ ማጠራቀሚያው ውሃ ከላይኛውና ከታችኛው መስመር መካከል ይሁን፤ ሳምንት ሙሉ ተከታተዪው። ከሥሩ ጠብታ ሳይታይ ከቀነሰ፣ ወይም ሞተሩ ሲሠራ ማጠራቀሚያው ውስጥ አረፋ ከታየ፣ ጓርኒሲዮኑ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ጋራዥ ስትሄጂ ራዲያተሩን በግፊት መለኪያ እንዲፈትሹት ጠይቂ፤ ግፊቱ ከወረደና ውጪ ላይ ምንም ካልፈሰሰ ውሃው ወደ ውስጥ እየገባ ነው።

ሌሎቹን መብራቶች ፈጠን ብዬ ልለፋቸው። ቀይ የዘይት ጣሳ ሲበራ ወዲያው ቁሚና ሞተሩን አጥፊ። ቀይ ባትሪ ሲበራ ብዙ ጊዜ ዲናሞው ወይም እሱን የሚያዞረው ቺንጋ (ቀበቶ) ነው፤ በብዙ ያሪስ ላይ ያው ቺንጋ የውሃ ፖምፓውንም ስለሚያዞር፣ ከተበጠሰ ሙቀቱ ተከትሎ ይመጣል። ቢጫ የሞተር መብራት ሳይርገበገብ ከበራ ቀስ ብለሽ ጋራዥ መድረስ ትችያለሽ፤ ብልጭ ድርግም ካለ ግን ሞተሩ እየዘለለ ነው፣ ያልተቃጠለው ነዳጅ ካታሊስቱን (የጭስ ማጣሪያውን) ያቃጥለዋል፤ ፍጥነትሽን ቀንሺና ቶሎ አስይው። ቢጫ ኤቢኤስ (ጎማ እንዳይቆለፍ የሚከላከለው የፍሬን ሥርዓት) ብቻውን ከበራ ተራው ፍሬን ይሠራል፣ ጎማው ግን ተቆልፎ ሊንሸራተት ይችላል። ኤቢኤስና ቀይ ፍሬን አብረው ከበሩ አትንጂ።

ወደ ፍሬኑ ልምጣ። ወደ አዲስ አበባ በደጀን በኩል የሄድሽ እንደሆነ ዓባይ በረሃ ከሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ አውቶማቲክ ነጂ የሚሳሳተው እዚያ ነው። ማርሹን ዲ ላይ ትቶ ከአናት እስከ ድልድዩ ፍሬን እየረገጠ ይወርዳል። ሸራውና ዲስኩ ይግላሉ፣ ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ያልፋል፣ ዘይቱ ፈልቶ አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እስከ ወለል ይሰምጣል። ዶት 4 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ230 ዲግሪ በላይ ነው፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን ወደ 155 ሊወርድ ይችላል። እርጥበቱን ከአየር ስለሚስብ መኪናው ብዙ ባይነዳም በየሁለት ዓመቱ ይቀየር። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሹን ወደ ዝቅተኛው፣ ማለትም ወደ ኤል፣ ሁለት፣ ቢ ወይም ኤስ አውርጂ፣ መኪናሽ ያለውን። ሞተሩ ጮኸ ብለሽ አትደንግጪ፣ መኪናውን እየያዘልሽ ነው። ፍሬኑን ጠንከር አድርገሽ ረግጠሽ ፍጥነቱን ቀንሺና ልቀቂው፣ እንዲተነፍስ። ኤን (ፍሪ) ላይ መውረድ ወይም ነዳጅ ለመቆጠብ ሞተር ማጥፋት በፍጹም አይሆንም፤ ኤን ላይ ሞተሩ መኪናውን አይዝልሽም፣ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ የፍሬኑና የመሪው እገዛ ይጠፋል።

የኤሌክትሪክ መኪና ያላችሁ ደግሞ ባትሪውን መቶ በመቶ ሞልታችሁ ከቁልቁለቱ አናት አትነሱ። ሞተሩ የሚመልሰውን ኃይል የሚያስቀምጥበት ቦታ ስለሚያጣ ሁሉም ሸክም ፍሬኑ ላይ ይወድቃል።

ፔዳሉ ከሰመጠ ደጋግመሽ በፍጥነት ርገጪው፤ ግፊት ሊሰበስብ ይችላል። ማርሹን ደረጃ በደረጃ አውርጂ። የእጅ ፍሬኑን ቁልፉን ተጭነሽ በመያዝ ቀስ እያልሽ ሳቢ፤ በኤሌክትሪክ በተን የሚሠራ ከሆነ በተኑን ሳትለቂ ያዢው። ገደል ባለበት መንገድ መኪናውን የምታስጠጊው ሁልጊዜ ወደ ተራራው ጎን ነው። ነዳጅ ፔዳሉ ተጣብቆ መኪናው ቢፈተለክ ፍሬኑን በኃይል ርገጪና ማርሹን ኤን ላይ አድርጊ። በተን ተጭነሽ የምታስነሺውን መኪና በጉዞ ላይ ማጥፋት ግድ ከሆነ በተኑን ሦስት ሰከንድ ያህል ሳትለቂ ተጫኚው፤ አንዴ ነካ ብታደርጊው አይሠራም። ኤቢኤስ ሲሠራ ደግሞ ፔዳሉ ከእግርሽ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ አትልቀቂው።

ጎማ ቢፈነዳ ፍሬን አትርገጪ። መሪውን በሁለት እጅ ቀጥ አድርገሽ ያዢ፣ ነዳጁን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ ፍጥነቱ ራሱ ሲወርድ ወደ ዳር ውጪ። ሰዎቹን መኪና በማያልፍበት ጎን ባሉት በሮች አስወርጂና ከመኪናው አርቂያቸው። ትሪያንግሉን ቢያንስ ሃምሳ ሜትር ወደ ኋላ አስቀምጪ፤ ከኋላሽ ኩርባ ካለ ከኩርባው በፊት ይሁን። ድንጋይና ቅጠል የምትደረድሪ ከሆነ ስትነሺ አንሺው፤ የቀረ ድንጋይ ማታ ለባጃጅና ለብስክሌት ነጂ ሞት ነው።

ማርሹ ፒ ላይ፣ የእጅ ፍሬኑ ተስቦ፣ ከሚፈታው ጎማ በሰያፍ ያለው ጎማ ፊትና ኋላ ድንጋይ ይደረግ። ብሎኖቹን ጎማው መሬት እንደነካ ግማሽ ዙር አላሊ፣ ከዚያ ክሪኩን ሲሉ (ከበሮቹ ሥር ያለው የመኪናው ጠርዝ) ላይ ባለው ምልክት ሥር አስገቢ። በጭቃ ላይ ከሆንሽ ከክሪኩ ሥር ጣውላ ይደረግ። ስኮርታውን (ትርፍ ጎማውን) ካስገባሽ በኋላ ብሎኖቹን በእጅ አጥብቂ፣ መኪናውን አውርጂ፣ ፊት ለፊት ያሉትን ብሎኖች በመስቀለኛ እያፈራረቅሽ ማጥበቁን ጨርሺ። ለያሪስ የሚፈለገው የማጥበቂያ ኃይል 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ሩብ ሜትር በሚረዝም መፍቻ ጫፍ ላይ አርባ ኪሎ ገደማ መጫን ማለት ነው። መፍቻው ላይ ቆሞ የሚዘል ረዳት ብሎኑን ይስበዋል። ከሃምሳ እስከ መቶ ኪሎ ሜትር በኋላ እንደገና አጥብቂ። ቀጭን ስኮርታ ከሆነ 60 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ይፈልጋል፣ በሰዓት ከሰማንያ ኪሎ ሜትር በላይ አትንጂበት። አንዳንድ አዲስ መኪና ጭራሹን ስኮርታ የለውም፣ ወይም ለቸርኬው ስርቆት መከላከያ ብሎን ልዩ መፍቻ ይፈልጋል፤ ዛሬውኑ የኋላውን ከፍተሽ እዪ። የጎማውንም ዕድሜ ከጎኑ ካሉት አራት አኃዞች አንብቢ፦ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፣ በፈረንጆች አቆጣጠር።

በክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራ ላይ ውሃ አስፋልቱን ካለፈ፣ ከጎማው ግማሽ በላይ ከሆነ አትግቢ። ውሃ ውስጥ ሞተሩ ከጠፋ ለማስነሳት አትሞክሪ፤ ሲሊንደር ውስጥ የገባ ውሃ ስለማይጨመቅ ፒስቶን ማያያዣውን ያጣምማል። ጎታች ጥሪ። ያሪስሽ የሚጎተተው የፊት ጎማዎቹ ከመሬት ተነስተው ወይም መኪና ላይ ተጭኖ ነው፤ የፊት ጎማው እየተሽከረከረ ረጅም መንገድ ከተጎተተ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ዘይት ስለማይደርሰው ይቃጠላል፣ ጎታቹ «ኤን ላይ ካደረግሽው ችግር የለም» ቢልሽም።