ለጽኑ ሕሙማን ጥናት ርዕስ ለጠየቅሽው እህቴ

«ደብረ ብርሃን ማስተርስ እየተማርኩ ነው። መመረቂያዬን በጽኑ ሕሙማን እንክብካቤ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ፤ ምን ርዕስ ልያዝ?» ብለሻል። ሰሜን ሸዋ ውስጥ በነርስነት ብዙ ስለቆየሁ ሰፋ አድርጌ ልመልስልሽ።

መጀመሪያ፣ «የነርሶች ዕውቀትና አመለካከት» የሚለውን መጠይቅ እባክሽ ተይው። ራሱን የማያውቅ በሽተኛ በየ2 ሰዓቱ ይገላበጣል ወይ ብለሽ ብትጠይቂ ሁሉም ነርስ አዎ ይልሻል። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ የሚያገላብጠው አለ ወይ? ጥናት የሚፈልገው ይሄ ነው። አንድ ሆስፒታል ስሠራ የማገላበጫው ቅጽ ከማታ እስከ ንጋት ተፈርሞ አየሁ። ፊርማዎቹ በአንድ እስክሪብቶ የተደረደሩ ናቸው፤ ተረኛው ሊወጣ ሲል በአንዴ እንደሞላው ያስታውቃል። በሽተኛውን ስናዞረው ከወገቡ በታች አጥንቱ ላይ ቆዳው ሞቆ ጠጥሯል። በእኛ ቆዳ ላይ ቅላት ጎልቶ ስለማይታይ የአልጋ ቁስል ሲጀምር በእጅ ካልዳሰስሽው ያመልጥሻል። ተረኛውን ሰነፍ ለማለት አይደለም። ትልቅ ሰው ለማገላበጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ እሱ ብቻውን ነበር።

ስለዚህ ቼክሊስት ይዘሽ ራስሽ ተመልከቺ። ለቁስል ተጋላጭነት የብሬደን መለኪያ አለልሽ። በ1987 የታተመ ነው፤ ስድስት ነገሮችን ያያል፣ ውጤቱም ከ6 እስከ 23 ነው፣ ሲያንስ አደጋው ይጨምራል። በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ ያለ በሽተኛ ካለ የአልጋው ራስጌ ቢያንስ 30 ዲግሪ መነሳቱን በስልክሽ መለካት ትችያለሽ። ሰው እየታየ ሲሠራ ስለሚበረታ የመጀመሪያዎቹን ቀናት መረጃ አትቁጠሪ።

እኔን ካልሽኝ ግን ትልቁ ርዕስ አስታማሚው ነው። ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ በሽተኛውን ይዞ መጥቶ፣ ጋቢውን ተከናንቦ በር ላይ ያድራል። ስሙ የሚጠራው መድኃኒት እንዲገዛ ብቻ ነው። ናንሲ ሞልተር የምትባል አሜሪካዊት ነርስ በ1979 ባሳተመችው ጥናት 45 ፍላጎቶችን ዘርዝራ የጽኑ ሕሙማንን ቤተሰቦች ጠይቃለች። ከሁሉ በላይ ያስቀደሙት ተስፋ እንዳለ መሰማትን ነበር። የእኛ አገር አስታማሚስ ምን ያስቀድማል? መጠይቁን ተርጉመሽ ከማደልሽ በፊት ቁጭ ብለሽ አነጋግሪያቸው። ጸበል ስለማስገባት ይነግሩሻል። ንስሐ አባት ስለመጥራትም። «በሕይወት እያለ አገሩ ልውሰደው» የሚል ልጅ ደግሞ ታገኛለሽ። ሬሳ ለማጓጓዝ የሚጠየቀውን ገንዘብ አስቦ ነው፤ አባቱም በቤቱ፣ በዘመዱ መሀል እንዲያርፍ። ይህን ልጅ ጨካኝ ብለው የሚቆጡት ነርሶች አይቻለሁ፤ በጣም ያሳዝነኛል። ማንም ቁጭ ብሎ ምን እንደሚያስጨንቀው አልጠየቀውም። በሽተኛው እንደማይድን በግልጽ የነገረውም የለም። አንቺ ብትጠይቂውና ብትጽፊው ለክፍሉ ሠራተኛ ሁሉ ትልቅ ውለታ ነው።

ስለ ፈቃድ፦ በሽተኛው ራሱን ካላወቀ ቤተሰቡ በቋንቋው ተረድቶ ይፍቀድ። ኦሮምኛ ወይም አፋርኛ ብቻ የሚናገር ይመጣል፤ አስተርጓሚ በጀት ውስጥ አስገቢ። እየተመለከትሽ ሳለ በሽተኛ አደጋ ላይ ከወደቀ ወረቀቱን ጥለሽ እንደምትረጂም ፕሮፖዛሉ ላይ በግልጽ ጻፊው፤ የሥነ ምግባር ኮሚቴው መጠየቁ አይቀርም።

አማካሪሽ በቀን ብቻ ሰብስቢ ካለሽ እሺ አትበዪ። የሌሊቱንና የቅዳሜ እሑዱን ተራ የግድ አካቺ። ቼክሊስቱን ስትጨርሺ እዚሁ ለጥፊው፣ አብረን እናየዋለን።